በበዓልና በሠርግ መካከል

ሰኞ ጠዋት ሜላት የፎቶና የጽሕፈት ቤቱን በር ስትገፋ አሠሪዋን ቢሻውን ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተኝቶ አገኘችው። ሥራ አምሽቶ እንቅልፍ የጣለው መሰላት። ቀና ስትል ግን ስክሪኑ ላይ ፎቶውን አየች፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ በጥቁር ፍሬም ተከቦ፣ ግራና ቀኝ ሻማ በርቶለት፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተጽፎበት። ዝቅ ብላ ዳግም ያየችውና የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ረፋድ ላይ እንጅባራ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ቢሻው የከተማውን ሙታን ሁሉ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ነው፤ የራሱንም ሠራ፣ አረቄው ውስጥ የተባይ መድኃኒት ጨምሮ ጠጣ፣ አበቃ። ወሬ አዋቂ እንኳ የሚጨምርበት አላገኘም። ሆስፒታሉም መርዙን አረጋገጠ፤ ማን እንደቀዳው ግን ሆስፒታል አይናገርም።

ያን ለማወቅ የተላከችው ኢንስፔክተር የሻረግ ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ቸኩሎ ሲያስረዳት የምታዛጋ ሴት። ማዛጋቷን እንደ ንቀት የቆጠሩባት አለቆች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ንቀትም ነበር።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ የቢሻው እናት ወይዘሮ ወርቅነሽ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዘንገና በኩል በባጃጅ አምጥተዋቸው ነው። አላለቀሱም። ሴቶቹ «እሪ በይ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ቢሏቸው ቀና ብለው ያዩና መልሰው መሬቱን ያያሉ።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለች የሻረግ።

«አሜን።» ዓይናቸውን ከመሬቱ ሳያነሡ «ምንም አይሰማኝም እኮ ልጄ» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሞተ ሲሉኝ እሺ አልኩ። እሺ ብዬ በሩን ዘጋሁና መጣሁ።»

የነፍስ አባታቸው መምሬ ምንይችል ኢንስፔክተሯን ወደ ጎን ወሰዷት።

«አስከሬኑ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ሰዉም ተሰብስቧል። ነፍሱን በእጁ ያጠፋ ከሆነ ግን ፍትሐት አይደረግለትም። ሥርዓቱ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። አንቺ የምትይውን ነው የምንጠብቀው።»

«እናትየው ያውቃሉ?»

«ሌላ ምን ጠየቁኝ ብለሽ? ‹ልጄ እንደ ሰው ይቀበራል ወይ› ነው የሚሉት። ልጃቸው መሞቱን ተቀብለዋል። ይህቺን ነው ያልተቀበሏት።»

የሻረግ ወደ ውስጥ ገባች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ፎቶ መነሻ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቢሻው መኝታ። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የደረሰ የአረቄ ጠርሙስና አንድ መለኪያ አለ። መለኪያው ይሸታል። መደርደሪያው ላይ ሌላ መለኪያ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ አንሥታ ብርሃን ላይ አየችው፤ ጥርት ብሎ ታጥቧል። አጠገቡ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ግን ዝቃጫቸው ደርቆባቸዋል።

«ቢሻው ዕቃ ያጥብ ነበር?» ብላ ሜላትን ጠየቀቻት።

ሜላት ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ቢሻው? የእሑዱን ሁሉ ሰኞ እኔ ነኝ የማጥበው።»

«በሩስ ተቆልፎ ነበር?»

«አልተቆለፈም። ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት።»

«ራሱን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው በሩን ይቀረቅራል፤ የሚያስጥለው እንዳይገባ» አለች የሻረግ፣ ለራሷ። «እሑድ ምን ይሠራ ነበር?»

«እሑድ ብቻውን ነው የሚሆነው። ኮምፒዩተሩን ሲነካካ ይውላል፤ ሜኑውን ሲያስተካክል።»

«የምን ሜኑ? ምግብ ቤት አደረጋችሁት?»

«ኧረ አይደለም! ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ ሲያደርጉ የሚወርደው አለ አይደል? ክፈት፣ ቅዳ፣ አጥፋ የሚለው። እሱ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። አንዴ ሲጫኑት ኮምፒዩተሩ ራሱ ፎቶውን ቆርጦ፣ ፍሬም አልብሶ፣ ጽሑፉን ጽፎ ያወጣዋል። በእጅ ቢሠራ ስንት ሰዓት የሚፈጀውን።»

ኢንስፔክተሯ አላዛጋችም። ሜላት አላስተዋለችም እንጂ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ከጎን ያለው የእርሻ መድኃኒት ሱቅ የአቶ ሽባባው ነው። ሰውየው ሰፊ ደረት፣ ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ ሐዘንም ሆነ ንግድ በአንድ ድምፅ ነው የሚያወሩት።

«መርዙ ከእርስዎ ሱቅ የወጣ ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን ከእኔ የማይገዛ ገበሬ የለም። ዳንግላም በየሱቁ ይሸጣል። ለቢሻው ግን ሸጬለት አላውቅም፤ ምን እርሻ አለውና?»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በጄኔሬተሬ ጭስ። መብራት ሲጠፋ አስነሣለሁ፤ ‹ፎቶዬን አጠቆርክብኝ› ይለኛል። ‹አንድ ቀን አንቄ እደፋሃለሁ› ብዬዋለሁ። የሰማ ሁሉ ይመስክር፤ እኔም እመሰክራለሁ።»

«እደፋሃለሁ ያሉት ሰው ይኸው ተደፋ።»

«እኔ አንቄ ነው ያልኩት» አሉ አቶ ሽባባው፣ ሳይቀልዱ። «እኔ የዚያን ኮምፒዩተር ማብሪያውን እንኳ አላውቀውም። እሱን የገደለው የአቶ አየነው ባነር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አልነበረም።»

የባነሩን ነገር እንጅባራ ላይ የማያውቅ የለም። አቶ አየነው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ባለፈው ጥር፣ በፈረሰኞች በዓል ላይ ሊመሰገኑ ፎቷቸው በባነር እንዲወጣ ተወሰነና ሥራው ለቢሻው ቤት ተሰጠ። ያኔ እዚያ የሚሠራው ትዕዛዙ የሚባል ወጣት ፎቶውን አዘጋጅቶ፣ የወጣውን ሳያይ ባሕር ዳር ላከው፤ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ማንም ሳይገልጠው ሜዳው ድረስ መጣ። ሲዘረጋ አቶ አየነው በጥቁር ፍሬም ውስጥ፣ በሁለት ሻማ መካከል፣ «ነፍስ ይማር» ተብለው ተገኙ። ሰውየው ያጌጠ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ፊት ለፊት ያዩታል። ከገጠር የመጡ ዘመዶች ባነሩን ከሩቅ አይተው እያለቀሱ ሮጡ። እሳቸው እንኳ ስቀው አለፉት። ግን ፋሲካ ሳይደርስ ታመው ሞቱ፤ ባነሩ ነው የጠራቸው ተባለ።

ትዕዛዙ ደግሞ የአቶ አየነውን ልጅ ሕይወትን አጭቶ ነበር። አባቷን በቁም ያወጀ ሰው እንዴት ደጃቸውን ይረግጣል? እጮኝነቱ ፈረሰ። ቢሻውም አሰናበተውና ትዕዛዙ ዳንግላ ሄዶ ሌላ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። በእሱ ቦታ የገባችው ሜላት ናት።

ይኸው ትዕዛዙ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል፤ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ። የሻረግ አጠገቡ ተቀመጠች።

«መቼ መጣህ?»

«ዛሬ ሲደወልልኝ። በሚኒባስ።»

«ትናንትስ?»

«ዳንግላ። ተኝቼ ዋልኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ተኝቶ የዋለን ሰው ማን ያየዋል?»

«ቂም ነበረህ?»

«ነበረኝ» አለ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ። «አሁን ምን ያደርጋል? ሰውየው የለም።»

«ከወጣህ ወዲህ እዚህ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?»

«አንድም ቀን።»

«የዳንግላው ሥራ እንዴት ነው?»

ጥያቄው ስላልከበደው ዘና አለ። «ያው ነው። ግን ሁሉም በእጅ ነው፤ ፎቶውን ክፈት፣ ቁረጥ፣ ፍሬም ፈልግ፣ ጻፍ። እዚህ ራይት ክሊክ አድርጎ አንዴ መጫን ነበር። አሁንም እጄ ወደዚያ ይሄድብኛል።»

የሻረግ አመስግናው ተነሣች። መንገዱን ተሻግራ ከመብራት እንጨቱ ሥር ቆመች። እንጨቱ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ተለጥፏል፤ ያረጀው ዝናብ በልቶታል፣ አዲሱ ያብለጨልጫል። ሁሉም የቢሻው ሥራ ነው። እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰው «ዘመድ ሞተባት እንዴ?» እያለ ያልፋል።

ተመልሳ ስክሪኑ ላይ ያለውን የቢሻውን ማስታወቂያ ደግማ አየችው።

«ሜላት፣ ውጭ ያሉት ሁሉ ከሥራቸው የሱቁ ስልክ አለባቸው። ይኼ የለበትም።»

ሜላት ጠጋ አለች። «እውነትም! እኛ አንጽፈውም፤ ሜኑው ራሱ ነው የሚያስገባው። ይኼ በሜኑው አልተሠራም ማለት ነው። የሌላ ሰው ማስታወቂያ ተከፍቶ በእጅ ፎቶው ተቀይሮ ነው።»

«እስኪ ሜኑውን አሳዪኝ።»

ሜላት አንድ ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ አደረገች። ከሚወርደው ሜኑ ሥር ሁለት መሥመር አለ፦ ‹ለበዓል›፣ ቀጥሎ ‹ለሠርግ›።

«ሐዘኑስ የታለ?»

«ተደብቋል። ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ራይት ክሊክ ካላደረጉ አይወጣም።» አደረገችው። በሁለቱ መካከል ‹ለሐዘን› ብቅ አለ። «ድሮ እንዲህ ሦስቱም ይታዩ ነበር አሉ። የአቶ አየነውም ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው፤ ‹ለበዓል› ሲል እጁ አንድ ዝቅ አለ። አሁን ሺፍቱን ከቢሻውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።» ይህን እንዳለች ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩኝ?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው። ትናንት በሜኑው የተሠራ ነገር ካለ ፈልጊልኝ።»

ሜኑው የሠራውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከማስታወቂያው ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራ አንድ ሥዕል ተገኘ። ሜላት ከፈተችው። ቢሻው በወርቃማ አበባ በተከበበ የሠርግ ፍሬም ውስጥ ነው። በግራ በኩል እሱ፤ በቀኝ በኩል የሙሽራዋ ቦታ ባዶውን። ከላይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል።

«ሊያገባ ነበር እንዴ?» አለች የሻረግ።

«ማንን? እሱ ከኮምፒዩተር ሌላ ማንን ያውቃል!» ሜላት ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯ መሐረብ አልነበራትም፤ የማተሚያ ወረቀት ሰጠቻት።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የሻረግ ሰዎቹን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ወንበራቸው ላይ፣ መምሬ ምንይችል አጠገባቸው፣ አቶ ሽባባው በሩ ላይ፣ ሜላት መጋረጃው ሥር፣ ትዕዛዙ ግድግዳውን ተደግፎ።

«መጀመሪያ ለቀብሩ የሚሆን ማስታወቂያ ያስፈልጋል» አለች።

«ይኸው ተሠርቶ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ሽባባው።

«እሱ ማስረጃ ነው፤ አይነካም። ሜላት ገና ለቅሶዋን አልጨረሰችም። ትዕዛዙ፣ አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ቶሎ አድርገህ ሥራልን፤ ሰው ቆሞ ነው።»

ትዕዛዙ ካመነታ በኋላ ተቀመጠ። ማውሱን ያዘ። የድሮ ማስታወቂያዎች ያሉበትን ፎልደር ከፈተ፤ አንዱን አወጣ፤ የሟቹን ፎቶ አነሣ፤ የቢሻውን ፎቶ አስገባ፤ ጠርዙን እየቆረጠ ማስተካከል ያዘ። ጊዜ ወሰደበት። የሻረግ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ጎበዝ» አለች። «አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። ቢሻው ራሱን አላጠፋም። እሑድ ከሰው ጋር ጠጥቷል፤ ያ ሰው የራሱን መለኪያ አጥቦ ደፍቶታል። ዕቃ አጥቦ የማያውቅ ሰው ሊሞት ሲል አንዷን ለይቶ አያጥብም። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው። ቢሻው የራሱን ሞት ሊያውጅ ቢፈልግ ሺፍቱን ተጭኖ በአንድ ጊዜ ያወጣው ነበር። በእጅ ምን አደከመው? ስለዚህ የሠራው ሌላ ሰው ነው።»

«ሺፍት ምንድን ነው?» አሉ መምሬ ምንይችል። ሜላት በሹክሹክታ አስረዳቻቸው፤ የገባቸው አይመስሉም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሜላትም አይደለችም። እሷም ሺፍቱን ታውቃለች፤ እሷም በአንድ ጊዜ ትጨርሰው ነበር። አቶ ሽባባው ደግሞ ኮምፒዩተሩን ማብራት አያውቁም። የዋሹኝ እንደሆነስ አልኩ። ማብራት ቢያውቁም ሜኑውን አያውቁትም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ እያነበበ ነው የሚጫነው። ይህን ያወጣው ግን እያነበበ የተጫነ ሰው አይደለም።» የሠርጉን ሥዕል ከፈተችው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ልጃቸውን በወርቃማው አበባ ውስጥ አዩት፤ ፊታቸው አልተለወጠም። «ይህን ማን ሠራው? ማንም አስቦበት አልሠራውም። ድሮ ‹ለሐዘን› ሁለተኛው መሥመር ላይ ነበር። አሁን ሁለተኛው ‹ለሠርግ› ነው። እጁ የድሮውን የለመደ ሰው ሳያነብ ሁለተኛውን ተጫነ፤ ሠርግ ወጣበት። ያኔ ነው በእጅ ወደ መሥራት የሄደው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ?»

ትዕዛዙ ከወንበሩ አልተነሣም። «ዳንግላ ሁሌ እንዲህ ነው የምንሠራው» አለ። «በእጅ።»

«አውቃለሁ፤ ነግረኸኛል። የዚህ ቤት ሜኑ እንደሚናፍቅህ፣ እጅህ አሁንም ወደዚያ እንደሚሄድም ነግረኸኛል። ከወጣህ ወዲህ ይህን ቤት አልረገጥኩም ብለሃል። ቶሎ ሥራልን አልኩህ። አንድ ጊዜ እንኳ ራይት ክሊክ ሳታደርግ ረጅሙን መንገድ ያዝክ። ‹ለሐዘን› እዚያ እንደሌለ ማን ነገረህ?»

ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ትዕዛዙ ስክሪኑ ላይ ያለውን የራሱን ሥራ አየው።

«የእሱ ጥፋት ነበር» አለ በመጨረሻ። «በዓሉንና ሐዘኑን አጠገብ ለአጠገብ ያደረጋቸው እሱ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ ‹እያነበብክ ተጫን› ይለኛል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲሰድበኝ ‹እኔ ነኝ የደረደርኩት› ቢል ምን ነበረበት? አንድ ቃል። ሕይወት አሁን ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።»

«የወጣህ ዕለት ማግሥት ነው የደበቀው» አለች ሜላት ከመጋረጃው ሥር። «‹ጥፋቱ የልጁ አልነበረም› ብሎኛል።»

«ለአንቺ» አለ ትዕዛዙ። «በሩ ተዘግቶ።»

የሻረግ ለሟቹ ልትሟገትለት አልቻለችም። ደግ ሰው ነበር፤ ፈሪም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ቤት ያድራሉ።

«ደብቆት እንደነበር መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሠርጉ ሲወጣብኝ። ሜኑውን ደግሜ ሳወርደው ያ መሥመር የለም። ያኔ ገባኝ።»

«ቢሻው ያኔ ሞቶ ነበር?»

ትዕዛዙ ማውሱን ከእጁ ለቀቀ። «አልሞተም» አለ።

አቶ ሽባባው በሩን ለቀው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገቡና ቆሙ። የሻረግ እጇን ወደ ካቴናው ስትሰድ ወይዘሮ ወርቅነሽ ተናገሩ። ከጠዋቱ በአንድም ነገር አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፤ ያው ደረቅ ድምፅ ነው።

«አንተ ልጅ። አብራችሁ ስትመጡ አጉርሼሃለሁ። ዋሽተህ አትንገረኝ። ያን ጊዜ፣ ሳይሞት፣ ልጄ ተናገረ?»

«ተናገረ፣ እማማ።»

«ምን አለ?»

«‹ትዕዛዙ› አለኝ። ‹አመመኝ፤ እባክህ ሰው ጥራልኝ።› መርዙን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ አላወቀም። ልታረቀው የመጣሁ መስሎት ነበር።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ለምን አልጠራህለትም ብለው አልጠየቁትም። ቀስ ብለው ወደ መምሬ ምንይችል ዞሩ።

«ሰው ጥራልኝ ያለ ሰው ሞት አልፈለገም፣ አባ።»

«አልፈለገም» አሉ መምሬ ምንይችል። «አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውጣ። ፍትሐቱን እኔው አደርስለታለሁ።»

«እንደ ሰው?»

«እንደ ሰው።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።